በሰው ስም የጻፈው ደራሲ

ስለ አስፈሪ ታሪክ በተነሣ ቍጥር የአሜሪካዊው የሐዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ስም ሳይጠራ አይታለፍም። ይህ ሰው በሕይወቱ ሳለ ግን እንጀራ ይሆነኛል ብሎ የያዘው ሥራ የሌላውን ሰው ድርሰት ማረም ነበረ፤ ማረም ማለትም ብዙ ጊዜ ሁሉንም እንደ ገና መጻፍ ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1890 በፕሮቪደንስ ከተማ ተወለደ። እሱ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባና በ1898 ሞተ። አያቱም በ1904 ሲሞቱ የቤቱ ሀብት ተበተነ። ልጁ በሕመም ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀረ፤ በከተማው ወዳለው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተመኝቶ ሳይሆንለት ቀረ።

በ1924 በርካሽ ወረቀት ይታተም የነበረው የዊርድ ቴልስ መጽሔት ባለቤት አንድ ሥራ ሰጠው። ይኸውም ከሰንሰለትና ከተቈለፈ ሣጥን በማምለጥ ስሙ የገነነው ሁዲኒ፥ በግብጽ አገር አስረው ከፒራሚዶቹ አጠገብ መቃብር ውስጥ ጣሉኝ ብሎ ያወራውን እንዲጽፍለት ነው። ላቭክራፍት መጻሕፍት ቢያገላብጥ ወሬው ፈጠራ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ እንደ ልቡ ለመጻፍ ፈቃድ ተቀብሎ በ100 ዶላር ጻፈው። ነገር ግን ሊያገባ ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ በጽሕፈት መኪና የተመታውን ቅጂ ባቡር ጣቢያ ጣለው። ደግነቱ የእጅ ጽሑፉ አልጠፋም። ሙሽሮቹ የጫጕላቸውን ጊዜ ያንኑ እንደ ገና በመምታት አሳለፉት። ታሪኩ ሲወጣ የሁዲኒ ስም ብቻ ነበረበት።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የዚሊያ ቢሾፕ ነገር ነው። የሰጠችው ሐሳብ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ መንፈስ የሚታይበት አንድ ጕብታ አለ የሚል። ላቭክራፍት ከዚህ ተነሥቶ ከመሬት በታች የሚኖር ሙሉ ሕዝብ፥ ከነአማልክቱ ከነጭካኔው ፈጠረ። መጽሔቱ አልተቀበለውም። በ1940 አሳጥረው ሲያወጡት እሱ ከሞተ 3 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ስሙም የሷ ነበረ።

ለደንበኞቹ ሲጽፍ እነ ዮግ-ሶቶትን፥ የራሱን ፍጡራን፥ በታሪኮቻቸው ውስጥ እያስገባ ይተው ነበር። ያንኑ እንግዳ ስም በልዩ ልዩ ሰው ድርሰት ያገኘ አንባቢ እውነተኛ ጥንታዊ አፈ ታሪክ መሰለው።

የጓደኛውን ድርሰት እስኪነጋ ሲያርም አድሮ ማርኩን ጓደኛው የወሰደበት (እንዲህ ያለ በመካከላችን አይጠፋም) ይህ ሰው ለምን አልተቈጣም ይል ይሆናል። ላቭክራፍት ራሱን እንደ ጨዋ ልጅ ይቈጥር ነበር፤ በዋጋ መከራከር ያሳፍረው ነበር። ይሁን እንጂ እንደ ቅዱስ ላቆመው አልፈልግም፤ ጥቍር ሕዝብንና ስደተኛን ይንቅ ነበር። በቢሾፕ ስም የጻፈው ሌላ ታሪክ መጨረሻው ያስፈራል የተባለው ሴቲቱ የጥቍር ደም አላት በመባሉ ነው። ስም ለአንዱ፥ ብዕር ለሌላው በሆነበት እንዲህ ያለ ሥራ፥ ነውሩስ ለማን ይጻፍ? እኔ ለሁለቱም እላለሁ።

በ1937 በአንጀት ነቀርሳ በ46 ዓመቱ ደኽይቶ ሞተ። ለሌሎች የጻፋቸው ታሪኮች ተሰብስበው በአንድ መጽሐፍ የወጡት በ1970 ነው። በተላኩለት ደብዳቤዎች ጀርባ ላይ ሳይቀር የጻፋቸው ረቂቆቹ ዛሬ በዚያው ሊገባበት ባልቻለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።