የጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ የትምህርት ጉዞ፤ ከካልካታ ወደ ካምብሪጅ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቆ ከፍተኛ ትምህርት በባሕር ማዶ ለመከታተል የሚያልም ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው በየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባና ወጪውን ማን እንደሚሸፍንለት ነው። ምን ለመሆንና ለማን ጥቅም እንደሚሄድ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ ባቀደ ጊዜ ይህ ጥያቄ ገና በቤቱ ሳለ ቀረበለት። ያቀረቡለትም አባቱ ነበሩ። በመሐንዲሶች ዘንድ ቦዝ የሚታወቀው የሚሊሜትር ሞገዶችን አስቀድመው ካመነጩትና ከመረመሩት ሰዎች አንዱ በመሆኑ ነው። ይሁንና ለዚህ ያበቃው መንገድ አስቀድሞ የተነደፈ አልነበረም፤ በእምቢታ፣ በሕመምና በድህነት ምክንያት ደጋግሞ አቅጣጫውን የለወጠ መንገድ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦዝ ኅዳር 30 ቀን 1858 በቤንጋል፣ ዛሬ በባንግላዴሽ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በማይመንሲንግ ተወለደ። አባቱ ባጋዋን ቻንድራ ቦዝ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በዳኝነትና በአስተዳደር ሥራ ያገለገሉ፣ ፋሪድፑርን በመሳሰሉ ወረዳዎች በሹመት የቆዩ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሹማምንት ልጆቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት መላክን እንደ ክብር ይቆጥሩት ነበር። ባጋዋን ቦዝ ግን ልጃቸው ከሌላ ሕዝብ ቋንቋ አስቀድሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን፣ ከባዕድ ልማድም አስቀድሞ የወገኑን ኑሮ ማወቅ አለበት ብለው ያምኑ ስለነበር ቤንጋሊ ወደሚያስተምረው የመንደር ትምህርት ቤት አስገቡት። እዚያም በአንድ ወገን የአባቱ አገልጋይ የነበረ የአንድ ሙስሊም ልጅ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ልጅ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። ስለ ወንዝና ስለ ዓሣ፣ ስለ ወፍና ስለ አውሬ እነርሱ የነገሩት ሁሉ የተፈጥሮን ምሥጢር ለመመርመር የነበረውን ጉጉት እንደቀሰቀሰበት ቦዝ በኋለኛው ዘመኑ ያስታውስ ነበር።

አባቱ ወደ በርድዋን በተዛወሩ ጊዜም ሌላ ትምህርት አገኘ። በአካባቢው የወረርሽኝ ትኩሳት ገብቶ ብዙ ሕፃናት ያለ ወላጅ ቀርተው ነበርና ባጋዋን ቦዝ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ የሚማሩበት አነስተኛ ወርክሾፕ አቋቋሙላቸው። ልጃቸውም በዕረፍት ጊዜው በዚያው ወርክሾፕ መዶሻና ሞረድ መያዝን ተማረ። ይህ የእጅ ትምህርት በማንኛውም የምስክር ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ዳሩ ግን በኋላ ሲታይ ለቦዝ ካምብሪጅ ከሰጠችው ዕውቀት የማያንስ ስንቅ ሆኖታል።

በ1869 ወደ ካልካታ ተልኮ በመጀመሪያ በሄር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቅዱስ ዛቪዬር ትምህርት ቤት ተማረ። በ1875 የካልካታ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና በማለፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ቅዱስ ዛቪዬር ኮሌጅ ገባ። በኮሌጁ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ቤልጂማዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ኤውዤን ላፎን ናቸው። እኒህ መምህር ሕጉን በቃል ከማስጠናት ይልቅ ሙከራውን በተማሪው ዓይን ፊት መሥራትን የሚመርጡ ሰው ስለነበሩ ለብዙ የቤንጋል ወጣቶች የሳይንስን በር ከፍተዋል። ቦዝም ከእርሳቸው ሥር ተምሮ በ1879 የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የመሄድ ዕቅድ መጣ። የመጀመሪያ ሐሳቡ ሳይንስ መማር አልነበረም። በቅኝ ግዛቲቱ ሕንድ ለአንድ የተማረ ወጣት ከሁሉ የላቀው ማዕረግ የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ባልደረባ መሆን ነበር፤ የመግቢያው ፈተና የሚሰጠው ግን በለንደን ብቻ ነበር። ስለዚህ ቦዝ ለንደን ሄዶ ፈተናውን ለመውሰድ፣ ቢሳካለትም በከፍተኛ ደመወዝ ተሹሞ ለመመለስና ቤተሰቡን ለመርዳት አሰበ። የቤተሰቡ ችግርም ሐሳቡን የሚደግፍ ይመስል ነበር። አባቱ ለሕዝቡ ሥራ ለመክፈት ብለው በሻይ ተክልና በሽመና ድርጅት ያፈሰሱት ገንዘብ ከስሮ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገብተው፣ ጤናቸውም ታውኮ ነበር።

ሆኖም ባጋዋን ቦዝ እምቢ አሉ። ራሳቸው ዘመናቸውን በሹመት ያሳለፉ በመሆናቸው ሹመት ሰውን ከወገኑ እንዴት እንደሚያርቅ አይተዋል። ልጃቸው ሌላውን የሚገዛ ሹም ሳይሆን ራሱን ብቻ የሚገዛ ሊቅ እንዲሆን እንደሚፈልጉ ገለጹለት። በዕዳ የተያዘ አባት ብዙ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራን ለልጁ መከልከሉ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ክልከላ ባይኖር ኖሮ የቅኝ አገዛዙ አንድ ተጨማሪ ሹም ያገኝ ነበር፤ ሳይንስ ግን ቦዝን ባላገኘችው ነበር።

ሲቪል ሰርቪሱ ከቀረ በኋላ ሕክምና ተመረጠ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ከእናቱ ወገን መጣ። ከዚያ በፊት አንድ ወንድ ልጅ በሞት የተነጠቁት እናቱ ባማሱንዳሪ የቀረላቸውን ልጅ ባሕር አሻግረው ለመላክ ልባቸው አልፈቀደም። ቦዝም የወላጆቹን ሁኔታ ተመልክቶ ጉዞውን ለመተው ወሰነ። ይሁን እንጂ የሕይወት ታሪኩ እንደሚያስረዳው፣ እናቱ ልጃቸው ለትምህርት ያለውን ጽኑ ፍላጎት ባዩ ጊዜ ፍርሃታቸውን አሸንፈው፣ የባላቸው ሀብት ቢያልቅ የእርሳቸው ጌጣጌጥ ተሸጦም ቢሆን እንደሚልኩት አረጋገጡለት። በ1880 ቦዝ ወደ ለንደን ተጓዘ።

ጉዞው ግን በሕመም ተጀመረ። ከመነሣቱ በፊት በአሳም ምድር ሲዘዋወር የያዘው ትኩሳት፣ ምናልባትም ካላዛር ሳይሆን አይቀርም የተባለው በሽታ፣ በመርከብም በለንደንም አልለቀቀውም። በሕክምና ትምህርት ቤቱ የአስከሬን መመርመሪያ ክፍል የነበረው ሽታ ሕመሙን ስላባባሰው ትምህርቱን እንዲተው ተመከረ። ሁለተኛውም ዕቅድ እንዲህ ፈረሰ። በእናት ስስትና በቤተሰብ መሥዋዕትነት የተላከ ወጣት በባዕድ አገር ታሞ ትምህርቱን ማቋረጡ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ቦዝ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ልቡ ወደነበረበት ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዞረ።

በዚህ ረገድ የእኅቱ ባል አናንዳ ሞሃን ቦዝ ረዱት። እኒህ ሰው በካምብሪጅ የሒሳብ ከፍተኛ ፈተና የአንደኛ ማዕረግ በማግኘት ከሕንዳውያን የመጀመሪያው ናቸው። ቦዝ በ1882 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በካምብሪጅ ክራይስትስ ኮሌጅ ገባ። እዚያ ካስተማሩት መካከል የፊዚክሱ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ፣ የፊዚዮሎጂው ማይክል ፎስተርና የዕፅዋት ተመራማሪው ፍራንሲስ ዳርዊን ይገኛሉ። በተለይ የሎርድ ሬይሊ ትዕግሥትና በመለካት ረገድ የነበራቸው ጥንቃቄ በተማሪው ላይ የማይጠፋ አሻራ ጥሏል። የፊዚክስና የዕፅዋት ትምህርት በአንድነት መቅሰሙም ከንቱ አልቀረም፤ የኋላ ሕይወቱ በሁለቱ መካከል የተከፈለ ነበርና። በመጨረሻም ከካምብሪጅና ከለንደን ዩኒቨርሲቲዎች በዲግሪ ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሲመለስ ለሕንድ እንደራሴ ለሎርድ ሪፖን የተጻፈ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ ነበር። የትምህርት ቢሮው ሕንዳውያን ሳይንስ ለማስተማር አይበቁም የሚል አስተሳሰብ ቢኖረውም ቦዝ በ1885 በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ በጊዜያዊነት የፊዚክስ መምህር ሆኖ ተሾመ። በጊዜው ደንብ መሠረት አንድ ሕንዳዊ መምህር የሚከፈለው የአውሮጳዊውን ሁለት ሦስተኛ ነበር። ቦዝ ደግሞ ጊዜያዊ ነው ተብሎ የዚያው ግማሽ ብቻ ተቆረጠለት። በሌላ አነጋገር ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ቀስሞ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ አውሮጳዊ ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ያገኛል ማለት ነው።

የቦዝ መልስ የተለየ ነበር። ሥራውን አልተወም፤ ደመወዙንም አልተቀበለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ አስተማረ። ቤተሰቡ በዕዳ ተይዞ፣ እርሱም በ1887 አባላ ዳስን አግብቶ ጎጆ ወጥቶ ሳለ ይህን ማድረጉ የመንፈሱን ጥንካሬ ያሳያል። በመጨረሻ ኮሌጁ የማስተማር ችሎታውን ለመካድ ስላልቻለ የሦስቱ ዓመታት ሙሉ ደመወዝ ተሰልቶ ተከፈለው፤ ሹመቱም ጸና። ገንዘቡንም የአባቱን ዕዳ ለመክፈል አዋለው። እንግዲህ ከዓመታት በፊት አባቱ ልጃቸውን ከሹመት ሲከለክሉ የተውት ጥቅም በሌላ መንገድ፣ በክብር ተመለሰላቸው።

ምርምር ለመጀመር ግን ኮሌጁ በቂ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ቦዝ የሠራው 24 ካሬ ጫማ ያህል ስፋት ባላት፣ ወደ ሁለት ካሬ ሜትር በምትጠጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። መሣሪያዎቹን የሠራለትም እርሱ ራሱ ያሠለጠነው አንድ የቆርቆሮ ሠራተኛ ነው። በበርድዋን ወርክሾፕ የተገኘው የእጅ ትምህርት ፍሬውን የሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ሃይንሪክ ኸርትስ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን መኖር በሙከራ ሲያረጋግጥ የተጠቀመባቸው ሞገዶች ረጃጅም ስለነበሩ የብርሃንን ጠባይ የሚያሳዩ መሆናቸውን ለመፈተን ግዙፍ መሣሪያ ይጠይቁ ነበር። ቦዝ የሞገዱን ርዝመት ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ በማሳነስ ችግሩን ፈታው። ይህም ዛሬ 60 ጊጋኸርትስ የምንለው ነው። ሞገዱ ባጠረ መጠን መሣሪያው ከጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ሆነ። ሞገድ የሚመሩ የብረት ቱቦዎችን፣ የቀንድ ቅርጽ ያላቸውን መሰብሰቢያዎች፣ ሌንሶችንና ፕሪዝሞችን አዘጋጀ። ሞገዱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ ሲያስፈልገው በገጾቹ መካከል የቆርቆሮ ቅጠል የተደረገበትን የባቡር የጊዜ ሰሌዳ መጽሐፍ ተጠቀመ፤ የተገመደ የጁት ቃጫም ለሌላ ሙከራ አዋለ። በ1895 በካልካታ ባሳየው የአደባባይ ሙከራ ሞገዱ ግድግዳ አልፎ ደወል ደወለ፣ ባሩድም አቀጣጠለ።

የቀድሞ መምህሩ ሎርድ ሬይሊ ጽሑፉን ለንጉሣዊው ማኅበር አቀረቡለት፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲም በ1896 የሳይንስ ዶክተርነት ዲግሪ ሰጠው። ጥር 29 ቀን 1897 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን መሣሪያዎቹን እያሳየ ንግግር አደረገ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ታሞ ከለቀቃት ከተማ ሊቃውንት ፊት በአስተማሪነት ቆመ። በ1899 ደግሞ ከብረትና ከሜርኩሪ የተሠራ፣ ከስልክ መስሚያ ጋር የተያያዘ የሞገድ መቀበያን ለንጉሣዊው ማኅበር አስተዋወቀ። በፊት የነበሩት መቀበያዎች ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ በመታ መታ እንዲነቃቁ ያስፈልግ ነበር፤ ይህኛው ግን በራሱ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ማርኮኒ በ1901 አትላንቲክን ያቋረጠውን ምልክት ሲቀበል የተጠቀመበት መሣሪያ የዚሁ ዓይነት እንደነበር በ1998 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

ቦዝ በግኝቱ ለመነገድ አልፈለገም። በ1901 አንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ ባለቤት ያቀረበለትን የፓተንት ጥቅም አልተቀበለም። በወዳጆቹ ግፊት ያመለከተውና በ1904 በአሜሪካ የተሰጠው የጋሌና ክሪስታል መቀበያ ፓተንት ከሴሚኮንዳክተር መሣሪያዎች ፓተንቶች ቀዳሚዎቹ መካከል ቢሆንም አልተጠቀመበትም።

ከዚያ በኋላ ምርምሩን ወደ ዕፅዋት አዞረ። የዕፅዋትን እድገት በብዙ ሺህ እጥፍ አጉልቶ የሚያሳየውን ክሬስኮግራፍ የተባለ መሣሪያ ሠራ። ከድምዳሜዎቹ አንዳንዶቹ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥተዋል፤ ዕፅዋት በኤሌክትሪክ ምልክት መልስ የሚሰጡ መሆናቸው ግን ዛሬ የታወቀ ነው። በ1915 ከኮሌጁ በጡረታ ወጥቶ፣ በተወለደበት ዕለት ኅዳር 30 ቀን 1917 በካልካታ የቦዝ ተቋምን መርቆ ከፈተ። በ1920 የንጉሣዊው ማኅበር አባል ሆነ። ኅዳር 23 ቀን 1937 በጊሪዲህ ዐረፈ። በ2012 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የካልካታውን ሙከራ በምሕንድስና ታሪክ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት ሥራዎች መካከል መዘገበው።

የቦዝን ትምህርት ስንመዝን ካምብሪጅ የሰጠችው ዕውቀት ታላቅ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ዕውቀቱ ሥራ ላይ የዋለው እርሱ ወደ ጠባቧ ክፍል፣ ወደ ቆርቆሮ ሠራተኛውና ወደ ተጓደለው ደመወዝ ስለተመለሰ ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ በአባቱ እምቢታ፣ ሁለተኛው በሕመም ፈረሰ። በየትኛውም ጊዜ ያልፈረሰው፣ ገና በመንደር ትምህርት ቤት በዓሣ አጥማጁ ልጅ አጠገብ ሳለ የተጀመረው ነገርን መርምሮ የማወቅ ፍላጎት ነው። ወደ ባሕር ማዶ የሚላክ ወጣት ከሻንጣው አስቀድሞ ሊያዘጋጀው የሚገባ ስንቅም ይኸው ነው።