በመዲና የተሰገደላቸው የሐበሻ ንጉሥ

ምስጋና ሞትንና ሕይወትን ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከሒጅራ በኋላ በ9ኛው ዓመት (630 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ለሰሓቦቻቸው መርዶ ነገሩ። ከባሕር ማዶ በሐበሻ ምድር የሚኖሩ አንድ ደግ ወንድማቸው በዚያው ቀን ማረፋቸውን ገለጹላቸው። ከዚያ አገር መልእክተኛ አልመጣም፤ ደብዳቤም አልደረሰም። ነቢዩ ሰሓቦቹን ይዘው ወደ መስገጃው ሜዳ ወጡ፣ አሰለፏቸው፣ አራት ጊዜ ተክቢራ አድርገው ሰላተል ጀናዛ ሰገዱ። ከፊታቸው ቃሬዛ አልነበረም። ሟቹ አስሐማ፣ ማለትም ነጃሺ ነበሩ።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ነጃሺ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙውም ስደተኞችን ስለ መቀበላቸው ነው። እኔ ግን መጻፍ የፈለግሁት ስለ አሟሟታቸው ነው። ምክንያት አለኝ። የምኖረው ጉደር ነው። ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ስሟ በአገሩ ሁሉ የታወቀው፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ነው። ሙስሊሞች ጥቂት ነን። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ሕመም በጠናባቸው ቁጥር ልጆቻቸውን የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ወደሚሰግድበት አገር ወስደው እንዲቀብሯቸው። እዚህ ቢሞቱ ሰጋጁ ያንሳል፣ ሰጋጅ ያነሰው ሰው ደግሞ አኺራው ይጎድላል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። በአላህ ላይ ምንም የማያጋሩ አርባ ሰዎች የሰገዱለት ሟች ምልጃቸው ተቀባይነት እንደሚያገኝ የሚናገር ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧል። እንግዲህ አርባ ሰው የማይሞላበት ከተማ ያለ ሙስሊም ምን ይሁን? የነጃሺ ታሪክ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

የልጅነታቸውን ታሪክ ያቆዩልን የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሲሆኑ በኢብኑ ሂሻም ሲራ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። አባታቸው የሐበሻ ንጉሥ ነበሩ፤ ከአንድ ልጅ በቀር አልወለዱም። የንጉሡ ወንድም ግን 12 ወንዶች ልጆች ነበሩት። መኳንንቱ ዙፋኑ በአንድ ልጅ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚቀር ብዙ ልጆች ወዳሉት ቢዞር መንግሥቱ ይጸናል ብለው መከሩና ንጉሡን ገድለው ወንድሙን አነገሡ። ትንሹ አስሐማ በአጎቱ ቤት አደገ። ብልህና ቆራጥ ልጅ ስለነበረ አጎቱ ወደደው፤ ምክሩንም ይሰማ ጀመር። ይህን ያዩት ገዳዮች ነገ ቢነግሥ የአባቱን ደም ይፈልገናል ብለው ፈሩ። እንዲገደል ጠየቁ። አጎትየው በአባቱ ላይ ልጁን መድገም ቢቀፈውም ከአገር እንዲወጣ ተስማማ። ልጁ ገበያ ወጥቶ ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ተሸጠ፤ ነጋዴውም በጀልባ ጭኖት ሄደ።

በዚያው ቀን ማታ ደመና ከበደ፤ አጎትየው ዝናብ ለመቀበል እንደወጣ መብረቅ መታውና ሞተ። ወደ 12ቱ ልጆች ቢዞሩ አንድም ለመንግሥት የሚሆን አልተገኘም። ይህን ጊዜ መኳንንቱ የሸጡትን ልጅ ፍለጋ ሮጡ፤ ከነጋዴው ነጥቀው አምጥተው ዘውድ ጫኑለት። ነጋዴው ገንዘቡን ቢጠይቅ ከለከሉት። እሱም ከአዲሱ ንጉሥ ፊት ቀርቦ አቤት አለ። ነጃሺም ወይ ገንዘቡ እንዲመለስለት፣ ወይ ደግሞ የገዛው ባሪያ እጁን በእጁ አድርጎ ወደሚወስደው እንዲከተለው ፈረዱ። ገንዘቡ ተከፈለ። የመጀመሪያ ፍርዳቸው በገዛ ራሳቸው ዋጋ ላይ ነበር ማለት ነው።

ስደቱን አንባቢ ስለሚያውቀው ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ የሸሹ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ባሕሩን ተሻገሩ፤ ቀጥሎም ከ80 የሚበልጡ ወንዶች ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን ከነስጦታቸው ላኩ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ከሱረቱ መርየም ሲያነቡ ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ስጦታው ተመለሰ፤ ስደተኞቹ ተጠበቁ። ስጦታውን ሲመልሱ የሰጡት ምክንያት ግን የልጅነታቸው ነው። አላህ መንግሥታቸውን ሲመልስላቸው ከእሳቸው ጉቦ አልተቀበለም፤ እሳቸውስ በእሱ መንግሥት ስለምን ጉቦ ይቀበላሉ? አንድ ጊዜ የተሸጠ ሰው የተሸሸገን ሰው አሳልፎ መሸጥ ምን እንደሆነ ያውቃል።

እኔ ይበልጥ የምቆይበት ቦታ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ በስብከት ላይ እምብዛም አይነሳም። ሕዝቡ ሃይማኖታችንን ትተዋል ብሎ በንጉሡ ላይ አመፀ። ነጃሺ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ለጃዕፈርና ለጓደኞቻቸው መርከቦች ማዘጋጀት ነበር፤ እሳቸው ቢሸነፉ ወደፈለጉበት እንዲሄዱ፣ ቢያሸንፉ ግን እንዲቆዩ። ከዚያም በአላህ አንድነት፣ በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክተኛነት፣ እንዲሁም ዒሳ (ዐ.ሰ.) የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የጣለው ቃሉ ስለመሆናቸው ምስክርነታቸውን በጽሑፍ አሰፈሩ። ጽሑፉን ከካባቸው ሥር በቀኝ ትከሻቸው በኩል ሸሽገው ከተሰለፈው ሕዝብ ፊት ቆሙ። ስለ ዒሳ ሲጠየቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዒሳ ከዚህ አይጨምሩም ብለው መሰከሩ። ሕዝቡ የራሱን እምነት የተናገሩለት መስሎት ተበተነ፤ እሳቸው ግን ከእጃቸው ሥር ያለውን ጽሑፍ ማለታቸው ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች ይህ አነጋገር አይዋጥላቸውም፤ በግልጽ ተናግረው ቢሞቱ ይሻል ነበር ይላሉ። በኔ አስተያየት መርከቦቹን ማየት ያሻል። የተዘጋጁት ለንጉሡ ማምለጫ አልነበረም። እሳቸው ቢወድቁ በማግስቱ የሚታረዱት ስደተኞቹ ነበሩ። ነጃሺ ሒጅራ አላደረጉም፣ ሐጅ አልሄዱም፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎን አልተዋጉም፣ ሕዝባቸውን በቁርኣን ሕግ ለመዳኘትም አልቻሉም፤ ይህን ኢብኑ ተይሚያም ጽፈውታል። ታዲያ ሰው የተፈጠረው አላህን ለማምለክ እንደሆነ ሱረቱ ዛሪያት ካስተማረን፣ የእኚህ ሰው ዒባዳ የት ላይ ነው? በእጃቸው በነበረው ነገር ላይ ነው። በእጃቸው የነበረው ዙፋን ነበር፤ በዙፋኑ የተበደለ ሰው አስጠለሉ። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ እንደማያስገድድ ሱረቱል በቀራ ሲያበቃ የምናነበው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የንጉሡን መስለም አይቀበልም። እኔ የጻፍኩት የኛ መጻሕፍት የሚሉትን ነው። በዚህ ጉዳይ ከጉደር ጎረቤቶቼ ጋር ተከራክሬ አላውቅም፤ ቀብር ስንቆፍር አካፋ የሚያቀብሉን፣ ስንሰግድም ፈንጠር ብለው ቆመው የሚጠብቁን እነሱ ናቸው።

ነጃሺ ኡሙ ሐቢባን (ረ.ዐ.) በነቢዩ ስም አጭተው 400 ዲናር መህር ከራሳቸው ከፈሉ። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ጃዕፈርና የቀሩት ስደተኞች በሁለት ጀልባ ተሳፍረው ወደ መዲና ተመለሱ። ይህ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታላቅ ደስታ ነበር፤ ለንጉሡ ግን፣ ይመስለኛል፣ የብቸኝነት መጀመሪያ ነበር። ከሳቸው ጋር የሚሰግዱት እንግዶች ሄደዋል። ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ሞት መጣ። ብዙ ዑለማዎች እንደሚሉት በአገራቸው ሰላተል ጀናዛ የሚሰግድላቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ የሚፈሩት ሞት ማለት ይኸው ነው። አላህ ግን ዜናውን በዚያው ቀን መዲና አደረሰ። ከሰጋጆቹ አንዱ የነበሩት ጃቢር (ረ.ዐ.) ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሰልፍ ላይ እንደነበሩ ተናግረዋል። በመቃብራቸው ላይ ብርሃን ይታይ እንደነበር ይወራ ነበር ሲሉም ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። መቃብሩ በምሥራቅ ትግራይ ከውቅሮ በላይ በነጋሽ እንደሚገኝ ይታመናል። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ መስጂዱም መቃብሩም ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ስደተኛን ያስጠለለ ሰው መቃብር እንኳ ከጦር መሣሪያ አላመለጠም።

ከዚህ ሰላት ተነስተው ሊቃውንት ተለያይተዋል። ኢማሙ ሻፊዒና ኢማሙ አሕመድ በሩቅ አገር ለሞተ ሙስሊም ሁሉ በሌለበት መስገድ ይቻላል ብለዋል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋና ኢማሙ ማሊክ ለነጃሺ ብቻ የተለየ ነው ይላሉ። ኢብኑ ተይሚያ ደግሞ ሰጋጅ ላላገኘ ሰው ይሰገዳል ብለዋል። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ሰጋጅ ላላገኘ ሙስሊም ለመስገድ ግን ከሁለት ወገን መንገድ እንዳለን ከዚህ አያለሁ።

ይህን የምለው ለጎረቤቴ ብቻ አይደለም። ሰሓቦች ወደኛ የተሻገሩበትን ባሕር ዛሬ ልጆቻችን ወደዚያ ማዶ እየተሻገሩበት ያልቃሉ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በየመን አብየን ጠረፍ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ፣ ከተሳፈሩት ከ150 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን፣ ቢያንስ 68ቱ መሞታቸው በወቅቱ ተነግሯል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶለት ተቀበረ? እናቶች ስልክ እየጠበቁ ዓመት ያልፋቸዋል፤ ልቅሶ ለመቀመጥም አልታደሉም። እኛ ደግሞ ደጃችን ላይ ለሞተ ሰው በሬ ጥለን ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን ስንበላ፣ የሟች ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ሟች የሚጠቅመው ዱዓ፣ የቀጠለ ሰደቃ፣ ያስተማረው ዕውቀትና ደግ ልጅ ነው።

ለጎረቤቴ ደግሞ አንድ ዜና አለኝ። ሰሓባው ማሊክ ኢብኑ ሁበይራ (ረ.ዐ.) ለጀናዛ የመጣው ሰው ጥቂት ሲሆንባቸው ሦስት ሰልፍ አድርገው ይከፍሉት ነበር፤ ሦስት ሰልፍ ሙስሊም ለሰገደለት ሟች የተሰጠ ተስፋ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተው ነበርና። ለሦስት ሰልፍ አርባ ሰው አያስፈልግም። በጉደር ያለነው ይበቃል።

ስለዚህ የመስጂዳችንን ጀመዓ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ በምንሰግደው ጀናዛ ሁሉ፣ ስድስት ሰው እንኳ ብንሆን ሦስት ሰልፍ እንሁን። ሁለተኛ፣ በባሕርና በበረሃ ሞተው እንዳልተሰገደላቸው የሚታወቅ ልጆች ያሏችሁ ቤተሰቦች ስማቸውን ለኢማሙ አስመዝግቡ፤ ኢማሙም ዑለማዎችን አማክረው ከጁሙዓ ሰላት በኋላ እንድንሰግድላቸው ያድርጉ። አዛውንቱ ጎረቤቴ የፊተኛውን ሰልፍ እንደሚይዙ ነግረውኛል። ወላሁ አዕለም።