ሊዮን ሻርል ቴቬናን እና የኤሌክትሪክ ምንጭ ጠባይ

ሊዮን ሻርል ቴቬናን በ1857 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አገር ሞ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከፓሪሱ ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1876 ተመርቆ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ሆነ። የመጀመሪያ ሥራውም በምድር ውስጥ የሚቀበሩ ረጃጅም የቴሌግራፍ መስመሮችን ይመለከት ነበር።

ስሙን ያስጠራው ሐሳብ የመነጨው ግን ከማስተማር ነው። በ1882 ለቴሌግራፍ ባለሙያዎች ትምህርት እንዲሰጥ ተመደበ። የኦምንና የኪርሖፍን ሕግጋት ለተማሪዎቹ ለማቅለል ሲደክም፣ ብዙ ባትሪና ሬዚስታንስ የተጠላለፉበት ሰርኪዩት ከሁለት ጫፎቹ ሲታይ በአንድ የቮልቴጅ ምንጭና በተከታታይ በገባ አንድ ሬዚስታንስ ሊተካ እንደሚችል ተረዳ። ከማሳተሙ በፊት ባልደረቦቹን አማከረ። ሐሳባቸው ተከፈለ፤ ስሕተት ነው ያሉም ነበሩ። እርሱ ግን በስሌቱ ጸንቶ በ1883 አሳተመው። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1853 ስለ እንስሳት ኤሌክትሪክ ሲመራመር ከዚሁ ውጤት ደርሶ ነበር፤ ለመሐንዲሶች የዕለት መሣሪያ ያደረገው ግን የቴቬናን ትምህርት ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በዘንገና ሐይቅ አጠገብ በሚያልፈው የባሕር ዳር መንገድ፣ በእንጅባራ ብርድ ማለዳ ሞተር የሚያስነሣ ሹፌር የመኪናው መብራት ሲደበዝዝ ያያል። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ 0.02 ኦም ውስጣዊ ሬዚስታንስ ቢኖረውና ሞተሪኖው 150 አምፔር ቢስብ፣ 3 ቮልት በውስጡ ይቀራል፤ ለውጭ የሚተርፈው 9 ቮልት ነው። ፍጹም የቮልቴጅ ምንጭ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ባልደበዘዘ ነበር። ይህንኑ ባትሪ 600 አምፔር የሚሰጥ የከረንት ምንጭና ጎን ለጎን የገባ 0.02 ኦም አድርጎ መቍጠርም ይቻላል፤ ውጤቱ ያው 9 ቮልት ነው። ይህን ሁለተኛ መልክ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኖርተንና ጀርመናዊው ሐንስ ማየር በ1926 በየፊናቸው አቀረቡ።

ቴቬናን ያረፈው በዚያው ዓመት ነው። በ1914 ጡረታ ወጥቶ፣ ትዳር ሳይዝ፣ ቫዮሊን እየተጫወተና በማርን ወንዝ ዓሣ እያጠመደ ኖረ። ለቀብሩም የጠየቀው ከአትክልቱ የተቈረጠች አንዲት ጽጌረዳ ብቻ ነበር።

በመስመር ዳር ባለ መንደር ወፍጮ ሲነሣ አምፖል የሚፈዝበትን ምክንያት የሚመረምር መሐንዲስ ዛሬም በእርሱ መንገድ ይሄዳል። ወፍጮው ቆሞ የተለካ ቮልቴጅ የምንጩን ጉልበት አይናገርም። ጭነቱ ሲገባ የሚወርደው ቮልቴጅ ካልተለካ፣ ጥፋቱ የሽቦው መቅጠን ሆኖ ሳለ ትራንስፎርመር ይለወጣል፤ መንደሩም ወጪውን ችሎ ከነጨለማው ይቀራል።