ኤልመር ኪዝና የባሩድ ልክ

ኤልመር ኪዝ እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ተወልደው፣ አብዛኛውን ዕድሜአቸውን በአይዳሆ በከብት እርባታና በአደን ያሳለፉ፣ ስለ ጦር መሣሪያ በመጻፍም ዝናን ያተረፉ ሰው ነበሩ። ጥይታቸውን የሚሞሉት በገዛ እጃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ የ.45 ሪቮልቨር ሽጉጥ ከበሮው ስለ ፈነዳባቸው፣ የከበሮው ግድግዳ ወፈር ወዳለው ወደ .44 ዞሩ። የብዙ ዓመት ሙከራቸውና ውትወታቸውም እ.ኤ.አ. በ1955 ለ.44 ማግነም ጥይት መወለድ ምክንያት ሆነ።

ይሁን እንጂ ኪዝ ፍርዳቸውን የመሠረቱት በግፊት መለኪያ ሳይሆን፣ በመለኮሻው መጨፍለቅና ቀለሃው ከከበሮው ለመውጣት በማስቸገሩ ላይ ነበር። ፋብሪካዎቹም በዚያ ዘመን ግፊትን የሚለኩት አንድ የመዳብ ቁራጭ ምን ያህል እንደ ተጨፈለቀ በማየት ነበር። መዳብ ለመጨፍለቅ ጊዜ ስለሚሻ፣ ቅጽበታዊውን የግፊት ጣሪያ አሳንሶ ያሳያል። በኋላ የመጣው የፒዞኤሌክትሪክ መለኪያ ግን የግፊቱን አወጣጥና አወራረድ በሙሉ ይመዘግባል። ስለዚህ ቀድሞ የታተመው የባሩድ ልክ እንደገና ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ ዝቅ እንዲል ተደረገ። የባሩዱ፣ የመለኮሻውና የአረሩ አሠራር መለወጥም የራሱ ድርሻ አለው።

ኪዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ዐረፉ። ቁጥር ከለካው መሣሪያ ተነጥሎ አይነበብምና፣ የእርሳቸውን ልክ ከአዲሱ ሠንጠረዥ ጋር ሳያመሳክር የሚደግም ሰው ዐይኑንና እጁን ለአደጋ ያጋልጣል።