ኮሎኔል ሮቢንሰንን ጌም ውስጥ ብናስገባው

ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ፍሎሪዳ ተወልዶ ሚሲሲፒ ነው ያደገው። ቺካጎ የነበረው የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አልቀበልም ስላለ እዚያው በጽዳት ሠራተኝነት ገባና ክፍል እየጠረገ ትምህርቱን ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማ ጀመር። በኋላ ተቀበሉት፤ አብራሪ ሆነ።

በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ልትወረን ዳር ዳር ስትል፣ አዲስ አበባ ደረሰ። ጃንሆይ ኮሎኔል ብለው የአየር ኃይሉ አዛዥ አደረጉት። አየር ኃይል ይባል እንጂ ከሁለት ደርዘን የማይበልጡ አሮጌ አውሮፕላኖች ናቸው፤ አብዛኞቹ መሣሪያ የላቸውም። ጣሊያን በመቶዎች ነው ያሰለፈችው።

እስቲ ይህን ጦርነት ጌም አድርጉት። ዋር ተንደርን የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ አውሮፕላኖች የሚጋጠሙት በታሪክ ስለተዋጉ ሳይሆን አቅማቸው በነጥብ ስለተቀራረበ ነው። ይገባኛል፣ ሁልጊዜ የሚሸነፍበትን ጌም ማን ይጫወታል? ግን ጨዋታው እኩል እንዲሆን ለሮቢንሰን መትረየስ ከገጠምንለት ሰውየው ራሱ ጠፋ ማለት ነው።

ምክንያቱም ሥራው መተኮስ አልነበረም። ከጃንሆይ ወደ ጦር ግንባር መልእክት ያመላልሳል፣ መድኃኒት ያደርሳል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣበት ደመና ውስጥ ይገባል፤ አለዚያም ዝቅ ብሎ ሸለቆ ለሸለቆ ይበራል። ይሄ በደጋ አየር ነው እንግዲህ። ደብረ ታቦርን ውሰዱ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንዲህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ጉልበት ያንሰዋል፣ ለመነሳትም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ጌሙ ይህንንም መቁጠር አለበት።

(በነገራችን ላይ፣ ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩትም ይኸው የመሣሪያ ማነስ አንገብግቧቸው ነው።)

እኔን ብትጠይቁኝ ሚዛኑ መስተካከል ያለበት በግዳጁ ነው። ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ያው ፖቴዝ 25 ይሁን፣ ጣሊያንም ብዛቷ አይቀነስ። ጣሊያን የሚጫወተው ሮቢንሰንን መትቶ ከጣለ ያሸንፋል፤ ሮቢንሰንን የሚጫወተው ደግሞ መልእክቱን ካደረሰ። አንድም ጥይት ሳይተኩስ የሚያሸንፍ ተጫዋች! ታሪኩም ሳይነካ ጨዋታው ልብ ያንጠለጥላል።

ሮቢንሰን አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል ወደ አሜሪካ ሄደ። ጣሊያን ከተባረረች በኋላ ግን ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ያበረው የነበረው አውሮፕላን ተከስክሶ ክፉኛ ተጎዳ፤ በዚያው ወር አረፈ። የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው።