የመተማን በር የጠበቁት የጎጃም ንጉሥ

ከደጋው ወርዶ ሽንፋ የደረሰ መንገደኛ ከዚያ ወዲያ አገሩ እየተዘረጋ እስከ ሱዳን እንደሚሄድ ይገነዘባል። የሽንፋ ወንዝም ድንበሩን ሲሻገር ስሙ ራሃድ ይሆንና ኋላ ከዓባይ ይቀላቀላል። ይህ ቆላ ከጎረቤቱ ከመተማ ጋር የነጋዴም የጦርም በር ሆኖ ኖሯል። በዚህ በር ምክንያት የተሾሙትን ያህል ከተቀጡት ሰዎች ዋነኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

የቀድሞ ስማቸው አዳል ተሰማ ነው። አያታቸውን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ድል አድርጎ የገደላቸው የቋራው ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ የዚሁ የቆላ ጠረፍ ሰው ነበር። አዳል ራስ ደስታ ታድላን አሸንፈው ጎጃምን ያዙ፤ ዐፄ ዮሐንስም በራስነት አጸኑላቸው፤ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ደፉላቸው። ከፋ የሚለው ቃል ግን ምኒልክን አስቆጣ። በግንቦት መጨረሻ 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ማራኪ ቢሆኑም በክብር ያዟቸው፤ ኋላ የሆነውን ለሚያስተውል ይህ መዘንጋት የለበትም።

አሁን ወደ መተማ እንመለስ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር ዐድዋ ላይ ሲዋዋሉ፥ በመሐዲው ተከታዮች፥ እኛ ደርቡሽ በምንላቸው፥ የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ፈቀዱ። ውሉ የግብጽን ጣጣ ወደ እኛ አዛወረው ብንል ማጋነን አይሆንም። የምዕራቡን ጠረፍ እንዲጠብቁ የታዘዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1879 ዓ.ም. መተማ ወርደው የደርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ፤ ከተማይቱም ተቃጠለች።

ደርቡሽ ግን ዝም አላለም። ልክ በዓመቱ፥ በጥር 1880 ዓ.ም.፥ ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት ይዞ ደምቢያ ገባ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በሰሜን ከኢጣልያ ጋር ተፋጠው ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ሳር ውሃ ላይ ብቻቸውን ገጥመው ተሸነፉ። ከቤተሰባቸው እንኳ ተማርከው ወደ ሱዳን የተወሰዱ አሉ። ጎንደር ተዘረፈች፥ አብያተ ክርስቲያናቷ ነደዱ፤ ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ያዳኑት ንቦች ናቸው የሚለው ትረካ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ለርዳታ የታዘዙት ምኒልክ የደረሱት ደርቡሽ ከሄደ በኋላ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ነገሥታት በዐፄ ዮሐንስ ላይ ተማከሩ። ይህን ክህደት የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ በአንድ ቃል ልንፈርድ አንደፍርም፤ በታዘዘበት ቦታ ሠራዊቱንና ወገኑን የገበረ ሰው የጌታውን ደጅ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከሁሉ የከፋው ቅጣቱ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎጃም ዘምተው አገሩን አጠፉት፤ ዕዳውን የከፈለው ምክሩን ያልሰማው ገበሬ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ ከዚያ ከምኒልክ ጋር መዋጋቱን ትተው ፊታቸውን ወደ መተማ መለሱ። በመጋቢት መጀመሪያ ድሉ በእጃቸው ሊገባ ሲል በጥይት ተመትተው ሞቱ። በሩን እንዲጠብቅ ያዘዙትን ሰው አገር ባጠፉ በጥቂት ወራት ውስጥ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚያው በር ላይ ወደቁ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለዐፄ ምኒልክ ገብተው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከጎጃም ሠራዊት ጋር ዐድዋ ተሰለፉ። መንቆረር ይባል የነበረውን ከተማቸውን፥ ካሠሩት ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የተነሣ፥ ደብረ ማርቆስ አሰኝተውታል። በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። ከልጆቻቸው ራስ በዛብህና ራስ ኃይሉ ጎጃምን ገዝተዋል፤ የጎጃም ንጉሥ ተብሎ ዘውድ የጫነ ግን ከሳቸው ወዲህ የለም።