ኦስለርና የመምህሩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ ለፈተና ከሸመደድናቸው ስሞች አንዱ ኦስለር ነው። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ጣት ላይ የሚወጣውን፣ ሲነኩት የሚያመውን እባጭ በስማቸው ጠርተን ነጥብ አግኝተንበታል። ሰውየውን ግን አላወቅናቸውም። እኔ ያወቅኋቸው ራሴ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ያኔም የሳበኝ እባጩ ሳይሆን እንደ መምህር በምን ሁኔታ ይሠሩ እንደነበር ነው።

ዊሊያም ኦስለር በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ ኦንታሪዮ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለዱ። እሳቸውም ለቅስና ታስበው ነበር፤ ሐሳባቸውን ለውጠው በ1872 ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ብዙም ሳይቆዩ እዚያው መምህር ሆኑ። ተማሪዎቹ የሚያዩበት በቂ ማይክሮስኮፕ አልነበረም። ኦስለር በሞንትሪያል ጄኔራል ሆስፒታል የፈንጣጣ ዋርድ ሠርተው፣ በሽታው ራሳቸውንም ይዟቸው፣ ያገኙትን 600 ዶላር ለክፍላቸው ማይክሮስኮፕ ገዙበት። ይሄን ታሪክ ሁሉም በአድናቆት ነው የሚያወራው። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ይቆጨኛል። መምህር ከኪሱ አውጥቶ ዕቃ ሲገዛ መምህሩ ይመሰገናል፣ ተቋሙም በዚያው ይረሳዋል። ማርከርና ጓንት ከደመወዙ የገዛ የሥራ ባልደረባ ያለው አንባቢ ይገባዋል።

በ1889 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት የውስጥ ደዌ ኃላፊ ሆኑ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱ በ1893 ተከተለ። ተማሪን ከአዳራሹ አውጥተው ሕመምተኛው አልጋ ዳር አቆሙት፤ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ራውንድ የምንለው ነገር ብዙ ዕዳ አለበት ለእሳቸው። ለበታቾቻቸው የሰጡት ደግሞ እምነት ነው። ለተመረጡ ጀማሪ ሐኪሞች የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተው ቤተ መጻሕፍታቸውን እንደልባቸው እንዲጠቀሙበት አደረጉ። ቅዳሜ ማታም ተማሪዎችን ቤታቸው ይቀበሉ ነበር። አለቃው ቁልፍ የሰጠው ሬዚደንት እንዴት እንደሚሠራ አስቡት!

የሰውየው ችግር ጊዜ ነበር። ስማቸው በገነነ ቁጥር የግል ሕመምተኛው በረከተ፣ ማስተማሩና መጻፉ ተጣበበ። የኦክስፎርድ ጥሪ ሲመጣ ባለቤታቸው ሳያመነቱ እንዲቀበሉ በቴሌግራም አጣደፏቸው። በ1905 ሲሰናበቱ ባደረጉት ንግግር ሰው ፍሬያማ ሥራውን የሚሠራው ከ40 ዓመቱ በፊት እንደሆነ፣ ፕሮፌሰሮችም በ60 መሰናበት እንዳለባቸው ተናገሩ፤ በቀልድ ያነሱት ክሎሮፎርም ጋዜጦቹን አንድ ሰሞን አስጮኸ። እኔ 40ን አልፌያለሁና ፍርዱን ለሌላ ልተው። ደግሞም እሳቸው ራሳቸው ያኔ 55 ዓመታቸው ነበር፣ ወደ አዲስ ሥራም እየሄዱ ነበር።

በ1911 ሆፕኪንስ የክሊኒክ ፕሮፌሰሮችን በሙሉ ጊዜ ደመወዝ ቀጥሮ የግል ሕክምና ገቢያቸውን ሊያስቀር ሲያስብ፣ ኦስለር ከኦክስፎርድ በደብዳቤ አጥብቀው ተቃወሙ። መምህሩ ከሕመምተኛውና ከተራው ሐኪም ርቆ ላቦራቶሪ ውስጥ ይዘጋል ብለው ሰጉ። የግል ሕክምና ጫና ያደከማቸው ሰው ያንኑ መከላከላቸው ይገርማል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥርዓቱ በሮክፌለር ገንዘብ ጸደቀ። እኔ በከፊል ከኦስለር ጋር ነኝ፤ ሕመምተኛ የማያይ መምህር ቶሎ ይደርቃል። ግን የቤት ኪራይ በማይሸፍን ደመወዝ የሚያስተምርን ሰው ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ለምን ሄድክ ማለትም አይቻልም። መጀመሪያ የሚከፈለው ይስተካከል፣ ከዚያ እንከራከር።

በ1917 ልጃቸው ሬቨር ቤልጂየም ውስጥ በጦርነት ሞተ። ኦስለር ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው በታኅሣሥ 1919 መጨረሻ ኦክስፎርድ ውስጥ በሳንባ ምች አረፉ። 8,000 ገደማ መጻሕፍታቸውን ለማክጊል አወረሱ። የእሳቸውና የባለቤታቸው አመድም እዚያው፣ በመጻሕፍቱ መካከል ነው።